አልመሸም ያለችው ልጅ

ለእማዬ፤ ካለሽበት፣ ከመስኮቱ ሥር ከወንበርሽ ላይ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የላክሁልሽ የዓይን ጠብታስ ረዳሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ሲብስብኝ አደርገዋለሁ» ብለሽ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሽበት? መድኃኒት የምትሸጥ ልጅ አሳድጋ መድኃኒት የምትፈራ ሰው አንቺን ብቻ ነው ያየሁት። እኔ ደህና ነኝ። እንዲህ ሲጻፍ «ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም» ይባላል። እኔ ግን የጎደለብኝ ነገር አለ፤ ወደ በኋላ አነሣዋለሁ።

በመጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ይዘውልሽ ስለመጡት እንግዳ ልንገርሽ። ጎረቤታችን መምህሩ ለምን አላነበቡልኝም ብለሽ ሳታኮርፊ አትቀሪም። መምህሩን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ደብዳቤዬን ሲያነቡልሽ ያልጻፍኩትን ይጨምራሉ፣ የጻፍኩትን ደግሞ «ይህቺ እንኳ አታስፈልግም» እያሉ ይዘላሉ። ያለፈውን ደብዳቤዬን በቀይ እስክሪብቶ አርመው፣ ማርክ ሰጥተው፣ መልሰው ልከውልኛል። የዛሬው ግን አንዲት ቃል እንድትዘለልበት አልፈልግም። እንግዳዋ ንባብ ያውቁበታል። ድምፃቸውም ደስ ይላል፤ ገና ሲጀምሩ ሳትወጂው አልቀረሽም። ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለውን ወንበር ስጫቸው፤ ጀርባው ላይ የከመርሽውን ጨርቅ መጀመሪያ አንሺ።

እንግዳችን፣ እርስዎንም ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። እናቴ መሀል ላይ «ይበቃል» ብላ እጇን ታነሣ ይሆናል። ታሪክ ሲከፋባት እንዲህ ማድረግ ልማዷ ነው። አይስሟት፤ እስከ መጨረሻው ያንብቡላት።

እማዬ፣ ትዝ ይልሻል አይደል? ፊደል ከቆጠርኩ ጀምሮ አንቺ የተማሪ ደንብ ልብስ በክምር እየሰፋሽ፣ እኔ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ አነብልሽ ነበር። የፍቅር ታሪክ ያስተኛሻል። ግድያ ሲሆን ነው የምትነቂው። ባሏን በመርዝ ስለገደለችው ሴት ሳነብልሽ «እሰይ፣ የእጁን ነው ያገኘው» ብለሽ ክሩን በጥርስሽ በጠስ ታደርጊ ነበር። ልጅ የጠፋበት ታሪክ ሲመጣ ግን እግርሽ ፔዳሉ ላይ ይቆማል። «ዝለይው፤ አንጀቴ አይችልም» ትያለሽ። እኔም እዘል ነበር። የእናቴ አንጀት እንዴት ሩኅሩኅ ነው እያልኩ በልቤ እኮራብሽም ነበር። ስንት መጽሐፍ እንደሆነ እንጃ፣ መሀላቸው ተቦርቡሮ ነው ያነበብናቸው።

ሥራ ይዤ ከሄድኩ በኋላ ዓይንሽ ሲደክም፣ ያነበብኩትን ሁሉ በደብዳቤ እየተረክሁልሽ እዚህ ደርሰናል። ዛሬም የምተርክልሽ መጽሐፍ ነው። ስለተሰረቁ ልጆች ነው። ዛሬ አንዘልም።

መጽሐፉን ያዋሰችኝ እኛ መድኃኒት ቤት ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ናት። እንቅልፍ ነሣኝ ብላ፣ ዓይኗ አብጦ፣ እኔንም እንቅልፍ እንዲነሣኝ ብላ ሰጠችኝ። ሰው ጓደኛውን የሚወድደው እንዲህ ነው። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት ሴት ከየቦታው ሦስት ልጆች ትሰርቃለች። አንደኛው ሰው የሚነክስ ወንድ ልጅ ነው። ሁለተኛዋ ጥርስ ያላወጣች ሕፃን ናት። ሦስተኛዋ የአራት ዓመት ልጅ ናት። ሴትዮዋ ስም የላትም፤ ጆንያ ተሸክማ ስለምትዞር ልጆቹ «ጆንያዋ» ይሏታል። ከምድር ቤት ቆልፋባቸው ታስርባቸዋለች፣ ፀጉራቸውን ትላጫቸዋለች፣ ሲያለቅሱ የእንቅልፍ መድኃኒት ትግታቸዋለች። እዚህ ላይ ሳቄ መጣ፤ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው መጠን በሬ ይጥላል። ልጆቹ ምዕራፍ ሦስት ላይ ሞተው መጽሐፉ ምዕራፍ አራት ላይ ማለቅ ነበረበት። ጸሐፊዋ ባለመድኃኒት አማክራ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ግን አልሞቱም። አንድ ሰካራም ፖሊስ ሲያነፈንፍ፣ ሲያነፈንፍ፣ ነካሹ ልጅ ደግሞ የጆንያዋን ጣት ነክሶ ሲጥል፣ ምኑ ቅጡ፣ እስከ መጨረሻው ልብ ሰቅሎ ይይዛል። ልብ ሰቀላውን አንቺም ትወጂው ነበር። ያልወደድኩት ጆንያዋን ነው። ክፋቷ ከአፍ እስከ ገደፉ ነው፤ አንዲት የደግነት ጠብታ እንኳ አልተደባለቀባትም። ጥርሷ የበሰበሰ፣ ሳቋ የሚያንቃጭል፣ ከአይጥ ጋር የምታወራ። ጸሐፊዋ ይህችን ሴት ስትፈጥር አልደከመችባትም ብዬ ነበር መጀመሪያ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈጥራት ነው የኖረችው።

እኔ ግን እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ልጅ የምትሰርቅ ሴት ለምን ታስርባታለች? ለማስራብማ ከሆነ ምን አለፋት? እኔ ብጽፈው ኖሮ ጆንያዋ ሾርባውን እፍ እፍ ብላ አብርዳ ታበላታለች። ትኩሳት ሲይዛት እግሯን በጉያዋ ይዛ ታነጋለች። ለትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚያምር ልብስ ትሰፋላታለች፣ ደጅ ቆማ ስትሸኛትም ታለቅሳለች። ልጅቷም ትወፍራለች፣ ትስቃለች፣ አምርራ የምታለቅሰው አሻንጉሊቷ ሲጠፋባት ብቻ ይሆናል። በአንድ ክረምት ውስጥም የእናቷን ፊት ትረሳዋለች። እውነተኛው አስፈሪ መጽሐፍ ይህ ነው። ልጇ የጠፋባት ሴት «ተርባ ይሆን፣ በርዷት ይሆን» እያለች ስትቃጠል ትኖራለች። ያ እሳት ግን ያኖራታል። «ልጅሽ ያኔ ጠግባ እየሳቀች ነበር፤ አልጠራችሽምም» ቢሏትስ? በምን ትኖራለች?

እንግዳችን፣ ጉሮሮዎ ከደረቀ ውኃ በጆጉ ውስጥ አለ፤ ብርጭቆው ከጎኑ ተደፍቷል።

የመጽሐፉ መጨረሻም አልጣመኝም። ከብዙ ዓመት በኋላ እናትና ልጅ በሰው በተሞላ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ልጅቷ በእናቷ ጠረን ታውቃታለች፣ እናትየዋ በልጅቷ አረማመድ ታውቃታለች፣ ተቃቅፈው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ገንዘብ ተቀባይዋ እዚህ ጋ ነው ዓይኗ ያበጠው። እኔ ግን ጨክኜ «ውሸት» አልኩ። ደም ሲጠራራ አይሰማም፤ እንኳን በመንገድ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠውም አይሰማም። ይህን የምልሽ በግምት አይደለም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መሀል ላይ አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት።

የአራት ዓመቷ ልጅ እንዴት እንደተሰረቀች የሚተርከው ነው። እናትና ልጅ በአንድ የአውቶቡስ መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። አውቶቡሱ ዘግይቷል። ልጅቷ ሰልችቷት ትነጫነጫለች። እናትየዋ ልታጫውታት ብላ ድብብቆሽ ትጀምራለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ዓይኗን በእጇ ሸፍና «ኩኩሉ!» ትላለች። ልጅቷም እየሮጠች «አልመሸም!» ትላለች።

ልብ አልሽልኝ? «አልነጋም» አይደለም ያለችው። ይህን ቋንቋ የሚናገር ልጅ ሁሉ እስኪደበቅ «አልነጋም» ይላል፣ ከተደበቀ በኋላ «ነጋ»። ይህቺ ልጅ ግን አፏን ስትፈታ ተሳስታ «አልመሸም» ብላ፣ ቤቱ ሁሉ ስቆባት፣ ስህተቷንም ወድደውላት፣ እነሱ ቤት ጨዋታው እንዲያ ሆኖ ቀርቷል። እናትየዋ ሁለተኛ «ኩኩሉ!» ትላለች። መልስ የለም። እናትየዋ በእጇ ሥር ፈገግ ትላለች፤ ጎበዝ ልጄ፣ ዛሬ ጥሩ መደበቂያ አገኘች ብላ። ጨዋታው እንዳይበላሽባትም አትዞርም። ሦስተኛ ጊዜ ትጠራለች። ከዚያ ትዞራለች።

እማዬ፣ ስትሰፊ ጣትሽ ላይ የምታጠልቂያት ብረት አለች አይደል? ለመርፌ መግፊያ የምታደርጊያት? ሰሃን ስሰብር አልመታሽኝም። የሰው የሠርግ ልብስ ላይ ቀለም ስደፋ አልመታሽኝም፤ ተቀምጠሽ እንደ አዲስ ሰፋሽው። በፈተና ስወድቅ እንኳ ከረሜላ ነው የገዛሽልኝ። በዚያች ብረት አናቴን ያንኳኳሽው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት አፌ እያመለጠኝ «አልመሸም» ስል። «አልነጋም በይ!» ትይኝ ነበር፤ ቋ። «ሰው ይስቅብሻል! አልነጋም በይ!» ቋ። ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። አንቺን ቀለም አልባ፣ ፊደል አልባ ናት የሚል ሰው ቢኖር፣ የንግግር ስህተት እንዲህ የምትጠየፍ ሴት የት አይቶ ያውቃል?

ሌላም ነገር ነበር የማይገባኝ። ዘመድ የለንም ነበር፤ «ሁሉም አለቁ» ትይ ነበር፣ እንደ ክር። የሕፃንነት ፎቶዬን ሁሉ ጎርፍ ወሰደው፤ ያ ጎርፍ የአንቺን ጉርድ ፎቶዎች ሳይነካ የእኔን ብቻ መርጦ መውሰዱ የሚገርም ጎርፍ ነበር። መሳቢያው ሥር ደግሞ በነጭ ጨርቅ የጠቀለልሻቸው፣ ማንም ያልለበሳቸው ትንንሽ የአራስ ልብሶች ነበሩ። የእኔ ናቸው ብዬ ስጠይቅሽ ፊትሽ ጠቁሮ «ላንቺ አይሆኑም» ብለሽ መሳቢያውን ዘጋሽው። እነዚያን ልብሶች እያሰብኩ ብዙ አዝኜልሻለሁ። ዛሬም አዝንልሻለሁ። ሐዘኔ ግን ቁጣዬን አላበረደውም፤ ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ ተጎራብተው ይኖራሉ፣ ሰላምታም አይለዋወጡም።

መጽሐፉን መልሼ ከፍቼ ከጨረስኩት በኋላ ጸሐፊዋ ወደ እኛ ከተማ መጽሐፍ ቤት ልትመጣ ነው የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ጠባብ ቤት ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረው፣ ሰው በመደርደሪያው መሀል ሁሉ ቆሟል። ፀጉሯ ነጭ ነው። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው፤ ስትናገር አውራ ጣቷን በሌሎቹ ጣቶቿ ውስጥ ደብቃ ትጨብጣለች። አንቺ እኔን «ምን ልትሰርቂ ነው አውራ ጣትሽን የምትደብቂው?» እያልሽ እንደምትስቂብኝ። ስታዪኝ ሌላውን ነገሬን ሁሉ ነበር የምታርሚው፤ ይህን ግን ረሳሽው።

አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ተነሥቶ፣ ልጅቷ ለምን «አልመሸም» እንደምትል ጠየቃት፤ የኅትመት ስህተት መስሎት ነበር። ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ «አልፈጠርኩትም፣ ልጄ ነበረች እንደዚያ የምትለው» አለች። ሳቁ ቆመ። መጽሐፉ ውስጥ ካለው ሁሉ እውነቱ ያ አዳራሽ ብቻ እንደሆነ ነገረችን። «የቀረውን የጻፍኩት፣ ልጄን ማን እንደወሰዳት ስለማላውቅ በየሌሊቱ የማየውን ነው» አለች። ልጅቷ የለበሰችውንም ነገረችን። ከመጋረጃ የተረፈ ቢጫ ጨርቅ ነበር፣ ትንንሽ ነጭ ጃንጥላ የታተመበት። «እኔው ነኝ የሰፋሁት፤ ስፌት አልችልም፤ አንዱ እጅጌ አጥሮ አንዱ ረዝሞ ቀረ» አለች። ለፖሊሶቹ ሁሉ «እጅጌው የተንጋደደ» ስትል ብዙ ዓመት እንደኖረች ነገረችን፤ ሕዝቡ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። እማዬ እጅጌውን ብታየው እንዴት በሳቀች እያልኩ ነበር የማስበው። ልማድ ክፉ ነው።

የራሴን ቅጂ ገዝቼ ለማስፈረም ተሰለፍኩ። ደረስኩና መጽሐፉን ሰጠኋት። በማን ስም ልፈርም አለችኝ። «ለእናቴ» አልኳት። ፈገግ ብላ እንደዚያው ጻፈች። ቀና ብላም ፊቴን አየችው። ትክ ብላ ነው ያየችኝ። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን ሰው አየች።

እማዬ፣ የዚያን ቀን ያንቺን ወንጀል እንኳ ረሳሁት። እንዴት እንደሚመር እነግርሽ ነበር፤ ግን ሳልታወቅ በመቅረቴ ትደሰቺ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ለመሄድ ዞሬ ነበር፤ ተመለስኩ። እናቴ ልብ ሰቃይ ታሪክ ትወዳለች፣ ዓይኗ ግን ፈዟል፤ ስለ መጽሐፍዎ ረዥም ደብዳቤ ልጽፍላት ነው፣ የሚያነብላት ግን ጠፋ አልኳት። የት ነው የምትኖረው አለችኝ። ስነግራት «ወደዚያ የምሄድበት ጉዳይ አለኝ፣ እኔው ራሴ አነብላታለሁ፣ ለእናትሽ ይህ ቢያንሳት ነው» አለች። ደግ ሰው ናት። ያን ደግነቷን ወርሼው ቢሆን ይህን ደብዳቤ አልጽፈውም ነበር። በማግሥቱ አሽጌ ወደ ማረፊያዋ ወሰድኩላት።

ስለዚህ የጸሐፊዋ ድምፅ ምን ይመስላል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ እማዬ። እየሰማሽው ነው።

አያቁሙ፣ እንግዳችን። ይቅርታ ልልዎት ነበር፤ ግን ከልቤ አይሆንም። ያንብቡ። ለራስዎ ሲሉ እንጂ ለእኔ ሲሉ አይደለም።

ከስፌት መኪናው በስተግራ፣ መርፌ የሚሰካባት ትንሽ ትራስ አለች። ያንሷት። መርፌው እንዳይወጋዎ ከጎኗ ይያዟት። ላይዋ በፀሐይ ነጥቶ ምንም አይታወቅባትም፤ ገልብጠው ከሥሯ ይዩዋት። እኔ እዚያች ትራስ ላይ መርፌ እየሰካሁ ነው ያደግሁት። ጃንጥላዎቹን ቆጥሬ ነው ቁጥር የተማርኩት።

ያንቺ ስህተት ይህ ነበር፣ እማዬ። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቀሚስ አቃጥሎ አመዱን ይበትነው ነበር። አንቺ ግን ልብስ ሰፊ ነሽ። የጣት ስፋት ያላት ቁራጭ እንኳ ስትወድቅ «ጨርቅ ይውላል እንጂ አይጣልም» ብለሽ የምታነሺ ሴት፣ ደህና ጨርቅ እሳት ውስጥ መክተት አልቻልሽም። ሰው ልጅ ከእናቱ ላይ ወስዶ ጨርቅ ለመጣል ይሳሳል? ይሳሳል። አየሁት።

የምናለቅስ ከሆነ እናልቅስ፤ ግን መጀመሪያ የማስታውሰውን ልንገራችሁ። ብዙ አይደለም። የሰው እግር፣ ብዙ እግር። ከአግዳሚው ሥር የተቀመጠ ትልቅ የጨርቅ ጥቅል፤ አዲስ ጨርቅ አዲስ ጨርቅ የሚል ሽታ። ከጥቅሉ ኋላ ተሸሸግኩ፤ እማዬ፣ ቀሚስሽ ላዬ ላይ ወረደ። ሁለተኛው «ኩኩሉ» ሲመጣ ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤ የማሽን ዘይት የሚሸት እጅ አፌ ላይ አረፈ። አላመመኝም። አንድ ድምፅ ጆሮዬ ሥር «ዝም በይ የኔ ቆንጆ፣ እንዳታገኘን» አለኝ። «እንዳታገኝሽ» አላልሽም። «እንዳታገኘን» ነው ያልሽው። ሳስበው ይህን ነው የማልረሳልሽ። እኔ ጨዋታ ገባሽልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ጨዋታውን እያሸነፍኩ መሰለኝ።

ለምን ብዬ አልጠይቅሽም። መሳቢያውን አይቻለሁ። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፤ መልሱንም ለእኔ ሳይሆን አጠገብሽ ለተቀመጡት ሰው ንገሪያቸው። ሦስተኛውን «ኩኩሉ» ሲጠሩ ሰምተሻል? ድምፁ እንደ ሁለተኛው አልነበረም አይደል? መሀሉ ላይ ፍርሃት ገብቶበት መሆን አለበት። ያን ሰምተሽ ነው ተነሥተሽ የሄድሽው? ወይስ ከዚያ በፊት ወጥተን ነበር? «አልሰማሁም» ካልሽ አምንሻለሁ። ሰምተሽ ከሆነ ግን ያበላሽኝ ሁሉ፣ ያለበስሽኝ ሁሉ፣ እፍ ያልሽልኝ ሾርባ ሁሉ ከጉሮሮዬ ተመልሶ ይወጣል። ጠልቼሻለሁ ብል ውሸት ነው። እወድሻለሁ ስል ደግሞ አፌን ይመረኛል። በዓለም ላይ ከአንቺ ሌላ የማውቀው ሰው የለኝም፣ ይህም ያንቺ ሥራ ነው።

እርስዎንም አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ። ሕዝቡ ሁሉ ለምን ዘግይተው ዞሩ ብሎ ሲጠይቅዎት ኖሯል፤ እኔ አልጠይቅም፣ እኔም ብሆን አልዞርም ነበር። እኔ የምጠይቅዎት፣ በዚያ መጽሐፍ ቤት ፊቴን ሲያዩት ለምን አለፉት ብዬ ነው። የፈለጉት ያቺን የተራበች፣ የተላጨች ልጅ ነበር። ጠግቤ፣ ወፍሬ፣ ስቄ ብመጣብዎ አላወቁኝም። መጽሐፍዎን እንደገና ከጻፉት ይህን ያስገቡበት።

በሉ፣ ልጨርስ። ደረጃው ላይ ያቺን የተሰነጠቀች ጣውላ ታውቂያታለሽ፣ እማዬ። ስትረገጥ ትጮኻለች፤ እንግዳዋ ከገቡ በኋላ አንድ ጊዜ ስትጮኽ ሳትሰሚ አትቀሪም። ድመት ናት ብለሽ ይሆናል። ይህ ደብዳቤ ሲነበብ እኔ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ ብያለሁ፤ ካልኩ እንደማልቀር ታውቂያለሽ። በሩን አንኳኩቼ አልገባም። ማንኛችሁም መጥታችሁ እንድትከፍቱልኝም አልፈልግም። ከእናንተ አንዳችሁ ብቻ «ኩኩሉ» በሉኝ።

«አልነጋም» ብዬ ልመልስ እችላለሁ። «አልመሸም» ልልም እችላለሁ። አንዱን ቃል አንዷ ወደደችልኝ፣ ሌላውን ሌላዋ በብረት አስተማረችኝ። የትኛው ከአፌ እንደሚወጣ እኔም አላውቅም፤ ስትሰሙ እኔም አብሬያችሁ እሰማለሁ። ሁለታችሁም ዝም ካላችሁ ግን ያቺ ጣውላ ሁለተኛ ትጮኻለች፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው አበቃ፣ ማናችሁም አታገኙኝም። መደበቅ ከልጅነቴ እችልበታለሁ።

እማዬ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ዓይንሽንም ይመልስልሽ፤ ከፊትሽ የተቀመጡትን ሰው አንድ ጊዜ ደህና አድርገሽ እንድታያቸው። እርስዎንም በደህና ወደ ቤትዎ ይመልስዎ፤ ባዶ እጅዎን ይሁን አይሁን እንጃ።

ኩኩሉ እስክትሉኝ ደረጃው ላይ ያለሁት፣

ልጃችሁ